የውሃ ሽጉጥ፦ ይሸጥ ወይስ ይቅር?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያ ይሄ ነው። የውሃ ሽጉጥ የልጅ መጫወቻ ሆኖ ይቀጥል ወይስ ከገበያ ይውጣ? የመሰላችሁን ጻፉ፤ ሰው ግን አትዝለፉ።

መምህርቷ፦ ይውጣ ባይ ነኝ። ውሃ ወጣ ጥይት፣ እጅ የሚለምደው ያው ነው። ልጁ ያነጣጥራል፣ ቃታ ይስባል፣ የተመታው ሲደነግጥ ይስቃል። ሁልጊዜ ደግሞ በሳቅ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1992 ቦስተን ውስጥ በውሃ መረጫጨት የተነሳ ጠብ ወደ እውነተኛ ተኩስ ተቀይሮ የ15 ዓመት ልጅ ሞቷል። ከንቲባው ሬይመንድ ፍሊን ነጋዴዎቹን መሸጥ አቁሙ ብለው ነበር።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ የልጁ ሞት ያማል። የገደለው ግን እውነተኛው ሽጉጥ ነው። እሱን ትተን ፕላስቲኩን ብንከለክል ምን ፈየድን?

ዕቃው ከየት እንደመጣም እንይ። ሱፐር ሶከር የሚባለውን ባለ ፓምፕ የውሃ ሽጉጥ የፈጠረው ሎኒ ጆንሰን የአሜሪካ አየር ኃይልና የናሳ መሐንዲስ ነበር። በ1982 በጋዝ ፈንታ በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ሊሠራ ፈልጎ፣ የሠራውን አፈሙዝ ቤቱ ውስጥ ከመታጠቢያው ቧንቧ ጋር ገጠመው። ውሃው ክፍሉን አቋርጦ ተወረወረ። መጫወቻ የማድረጉ ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው።

የድሮው የውሃ ሽጉጥ ጉልበቱ ጣት ብቻ ነበር። ቃታው ራሱ ፓምፕ ስለሆነ በአንድ ጭምቂያ የምታወጣው ጠብታ ነው። ጆንሰን ሁለቱን ሥራ ለያያቸው። በፓምፑ አየር ትጨምቃለህ፣ ግፊቱ ይጠራቀማል። ቃታው ቫልቭ ከመክፈት በቀር ሥራ የለውም። አየሩ ሲለጠጥ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ስለዚህ ትንሽ ልጅም ታግሶ ከገፋ ከትልቁ እኩል ይረጫል። እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው። ለገበያ የቀረበው በ1990 ነው፣ በዓመቱ አሁን የምናውቀውን ስም አገኘ። ጠቅላላ ሽያጩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል። ሰው ይህን ሁሉ ያወጣው መተኮስ ናፍቆት አይመስለኝም። በሙቀት ቀን የተመታውም ይደሰታል። እንዲህ ያለ ጨዋታ ስንት አለ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ስለ ፓምፑ ተስማማን። ታዲያ መሣሪያ መምሰሉ ለምን አስፈለገ? ረጅም ቱቦ ሆኖ፣ እጀታው ሲገፋ ውሃ የሚተፋም አለ፤ ልጆቼ በጣም ይወዱታል። የአሜሪካ መንግሥትም መመሳሰሉ አደጋ እንደሆነ ገብቶት በ1988 ሕግ አውጥቷል። እውነተኛ የሚመስል የመጫወቻ መሣሪያ ጫፉ ደማቅ ብርቱካንማ እንዲሆን ተደነገገ። የውሃ ሽጉጥም እዚያ ውስጥ ተጠቅሷል።

መምህርቷ፦ ተባረኪ። ግን ቀለሙ የሚጠቅመው ከሩቅ ለሚያየው ፖሊስ ነው። የልጁን ልማድ አይቀይረውም።

አጎት፦ ከቅርጹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፈቃድ ነው። በታይላንድ የአዲስ ዓመት በዓል፣ ሶንግክራን ላይ፣ አዋቂው ሁሉ የውሃ ሽጉጥ ይዞ ይወጣል። ከአደባባዩ የቆመ ሰው እንደሚረጥብ ያውቃል። በ2024 ደግሞ ባርሴሎና ውስጥ የቱሪስት ብዛት ያስመረራቸው ሰልፈኞች፣ ምግብ ቤት ደጅ የተቀመጡ እንግዶችን በዚያው ዕቃ ረጩ። ዕቃው አንድ፣ ውሃውም አንድ። ያኛው ጨዋታ ነው፣ ይሄኛው ማባረር። ልጅም መማር ያለበት ይህን ነው፦ ያልተጫወተ ሰው አይረጭም፣ ፊት ላይ አይረጭም፣ «በቃኝ» ያለ ወዲያው ይተዋል። ይህን የማያከብር ልጅ ባልዲ ብትሰጡትም ያው ነው።

መሐንዲሱ፦ ፊት ላይ ያልከውን እደግፋለሁ። ኃይለኛ ግፊት ያለው ውሃ ዓይን ይጎዳል። እሱ ላይ ቁጥጥር ቢደረግ አልቃወምም።

መምህርቷ፦ የአጎትን ደንብ ነገ ክፍሌ ውስጥ እለጥፈዋለሁ። ቱቦውንም እቀበላለሁ። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሽጉጥ የሚመስለው ግን ትምህርት ቤት ድርሽ እንዳይል ነው የምለው፤ ከዚህ ፈቀቅ አልልም።