«ሁሉን ሰጥታለች»? ኧረ በየት አገር ሕግ!

የሽምብጥ ልጅ፦ ትናንት እድር ላይ የሰማሁት አልዋጥ ብሎኛል። አሜሪካ ያለች ጎረቤታችን ለወንድሟ ጠቅላላ ውክልና ሰጥታው ነበር። ቤቷን ሸጦት አረፈ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ጠቅላላ የሰጠ ሁሉን ሰጥቷል፤ አሁን ምን ያስለቅሳታል?» አይሉም!

አባይ ማዶ፦ ምናቸው ተሳሳተ? ፊርማዋ አይደለም እንዴ?

የሽምብጥ ልጅ፦ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግለጥ። አንቀጽ 2203፣ በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ማሳደስ፣ ዕዳ መሰብሰብ፣ ከሦስት ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ማከራየት። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይፈልጋል፣ 2205።

ጣና ዳር፦ ጠበቃችን መጣ! ውልና ማስረጃ የሚጻፈውን ወረቀት አይተህ ታውቃለህ? ራስጌው «ጠቅላላ» ይላል። ከሥሩ ግን «እንዲያስተዳድርልኝ፣ እንዲያከራይልኝ፣ እንዲሸጥልኝ፣ እንዲለውጥልኝ» ተደርድሯል። «እንዲሸጥልኝ» ካለች ምን ቀረ?

የሽምብጥ ልጅ፦ ካለች! ሽማግሌው ግን «ካለች» አላሉም፣ «ሁሉን» ነው ያሉት።

አባይ ማዶ፦ «ሁሉን» ላይ ተጣብቀህ ቀረህ። ከጠረጠረችው ለምን አልሻረችውም? ወካይ ባሻው ጊዜ ይሽራል። ኤምባሲ ሄዳ አንድ ወረቀት።

እትዬ ዘጌ፦ ወንድሜን ልጠርጥር ብላ? እናንተ ልጆች፣ ወረቀቱ ይቅርና አደራ የሚባል ነገር ነበር። የበላ ይበላል፤ ሽማግሌ ግን ለአደራ በላ አይሟገትም።

ጣና ዳር፦ እትዬ፣ ብሩን እኮ ልኮላታል ይባላል። ዋጋው አንሷት ነው የምትጮኸው። እነሱ አይደሉ ሰፈሩን ያስወደዱት?

የሽምብጥ ልጅ፦ አሁን ደግሞ ዲያስፖራ መስደብ ጀመርን። ለማን ሸጠው? ለሚስቱ ወንድም! ወኪሉ ከወካዩ ጥቅም ጋር ከተጋጨስ? እሱም አንቀጽ አለው፤ እድር ላይ ሳነሣው ዝም በል ተባልኩ።

አባይ ማዶ፦ ለሚስቱ ወንድም መሸጡን ከየት አመጣኸው? ቅድም አላልክም።

የሽምብጥ ልጅ፦ ሰፈሩ ያውቃል።

አባይ ማዶ፦ «ሰፈሩ ያውቃል» ስንተኛ አንቀጽ ነው?

ዓሣ ጉልላሽ፦ ሳነብ ቆይቼ ላብ አሰመጠኝ። እኔም ሱዳን ስሄድ ለታናሼ ሰጥቼዋለሁ። ምን እንደተጻፈበት አላየሁም፣ ሲያነቡልኝ ስልክ ላይ ነበርኩ። ቅጂውን ሣጥን ውስጥ እየፈለግሁ ነው።

ጣና ዳር፦ አሁን ገና? ከሽማግሌው ጋር ተስማማ በቃ።

ዓሣ ጉልላሽ፦ ቆይ፣ አገኘሁት። «እንዲሸጥልኝ» አለበት።