የጋዝ ቦቴ ላይ የሚደረጉ የአደጋ ምልክቶች፦ የትኞቹ፣ በምን መጠን፣ የት ቦታ?

የማኅበር ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን የሚገኝ የጭነት ማመላለሻ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ማኅበራችን ያገለገለ የጋዝ ቦቴ ከውጭ አስመጥቶ፣ ፈሳሽ ቡታጋዝ ከአዲስ አበባ ወደ ሸዋ ሮቢት ለማመላለስ እየተዘጋጀ ነው። ታንከሩን ስንረከብ የቀድሞ ጽሑፎቹ ከፊሉ በቀለም ተሸፍነው፣ ከፊሉ ደግሞ እንደነበሩ ሆነው ነው ያገኘናቸው፤ በኋላ በኩል አንድ ብርቱካናማ ሰሌዳ በብሎን የታሰረ ሲሆን፣ በላይኛው መስመር 268፣ በታችኛው 1005 የሚል ይነበባል። አንዳንድ አባላት ሰሌዳው ዓለም አቀፍ ምልክት ስለሆነ ባለበት ይቆይ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ቀለም ቀቢ ጠርተን በጎንና በጎኑ «ተቀጣጣይ» ብለን ብናጽፍበት ይበቃል የሚል አሳብ አላቸው። መኪናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ምልክት፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው ጎን መደረግ እንዳለበት፣ ጋዙ ተራግፎ ሲመለስስ ምልክቱ ይነሣ ወይስ ይቆይ የሚለውን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳን እናመሰግናለን።

የታንከር ምርመራ ባለሙያ

ጸሐፊ ሆይ፣ ጥያቄውን ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ማንሣታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ያንን ሰሌዳ አስነሡት። 1005 የአሞኒያ ዩኤን ቁጥር፣ ማለትም አደገኛ ጭነት በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለይበት ቁጥር ነው፤ 268 ደግሞ በውስጡ ያለው መርዛማና ቆዳን፣ ዓይንን የሚያቃጥል ጋዝ መሆኑን ይናገራል። ቡታጋዝ ጭኖ ይህን ሰሌዳ የለጠፈ ቦቴ አደጋ ቢደርስበት፣ ለመርዳት የሚመጣው ሰው የሚዘጋጀው ለሌላ አደጋ ነው። ምልክት የሌለው ቦቴ ሰውን ቢያንስ እንዲጠራጠር ያደርገዋል፤ የተሳሳተ ምልክት ያለው ግን በእርግጠኝነት ወደ ስሕተት ይመራዋል። ታንከሩ ቀድሞ አሞኒያ ይጭን ከነበረም ጉዳዩ የቀለምና የሰሌዳ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ መጽዳቱን፣ ቫልቮቹና ጋስኬቶቹ ለቡታጋዝ የሚስማሙ መሆናቸውን፣ የግፊት ፍተሻው ጊዜ አለማለፉን በባለሙያ አስመርምሩ። በታንከሩ አካል ላይ የሠሪው ስም፣ ተከታታይ ቁጥሩ፣ የተሠራበት ዓመት፣ የፍተሻ ግፊቱና የመጨረሻው ፍተሻ ቀን የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ መኖር አለበት፤ ይህን ሰሌዳ ማንም ቀለም እንዳይቀባው አደራ።

አሁን ወደ ምልክቱ ልግባ። ኤዲአር በሚባለው የአውሮፓ የመንገድ ስምምነት መሠረት ብርቱካናማው ሰሌዳ 40 ሳንቲ ሜትር በ30 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ብርሃን የሚያንጸባርቅ፣ ዙሪያው 15 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጥቁር መስመር የተከበበ፣ የቁጥሮቹም ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል። ፕሮፔንና ቡታን ለተቀላቀሉበት የነዳጅ ጋዝ ከላይ 23፣ ከታች 1965 ይጻፋል። በ23 ውስጥ 2 ጋዝ መሆኑን፣ 3 ተቀጣጣይ መሆኑን ይገልጻል። ጭነቱ ንጹሕ ፕሮፔን ከሆነ የታችኛው ቁጥር 1978፣ ቡታን ከሆነ 1011 ነው። በግምት አትጻፉ፤ ጋዙን የሚያስረክባችሁ ድርጅት በጭነት ሰነዱ ላይ ያሰፈረውን ቁጥር ውሰዱ፤ ሰነዱና ሰሌዳው አንድ ዓይነት ነገር መናገር አለባቸው።

ታንከሩ የሚጭነው አንድ ዓይነት ጋዝ ብቻ ከሆነ ቁጥር ያለው ሰሌዳ ከፊትና ከኋላ መሆኑ በቂ ነው። ከዚህ በተጨማሪ በግራ፣ በቀኝና በኋላ ቀዩ የእሳት ነበልባል ምልክት ይደረጋል፤ ይህም በጫፉ የቆመ፣ እያንዳንዱ ጎኑ ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለአራት ማዕዘን ሲሆን ከታችኛው ጫፉ 2 ቁጥር ይጻፍበታል። የአሜሪካው ደንብ በዚህ ላይ ይለያል፤ ምልክቱን በአራቱም ጎን ከማዘዙም በላይ የጋዙ ስም ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ባለው ፊደል በሁለቱ ጎኖች፣ በፊትና በኋላ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ ቦቴው ከየት እንደመጣ አጣሩ። ከሁለቱ ደንቦች እየቆነጠሩ መቀላቀል አይገባም፤ የሥምሪት ፈቃድ የሚሰጣችሁ መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውንም አስቀድማችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ።

እሳት አደጋ ሠራተኛ (ሰሜን ሸዋ)

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ ምልክቱን በሚያነበው ሰው ቦታ ሆኜ ደግሞ ጥቂት ልጨምር። ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና መብራቱ እንኳ የሚለየው ከቀረቡ በኋላ ነው። እዚያ መንገድ ላይ የተገለበጠ ቦቴ ቢገጥመን ሹፌሩ መናገር ላይችል ይችላል፤ ሰነዱም ያለው ጋቢናው ውስጥ ነው። ከሩቅ ሆነን የምናውቀው ነገር ቢኖር ሰሌዳው የነገረንን ብቻ ነው።

አሞኒያ ከሆነ የመርዝ መከላከያ ልብስና የአየር መተንፈሻ ያስፈልገናል፤ የሚተነውን ጋዝ በተበተነ ውኃ ማርገብ ይቻላል፤ በፈሰሰው ፈሳሽ ላይ ግን ውኃ አይረጭም። ቡታጋዝ ከሆነ ቀዳሚው ሥጋት እሳት ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ቁልቁለቱን ይዞ ይወርዳል፤ ጣርማበር ላይ ያፈሰሰ ቦቴ ጋዙን የሚልከው ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ፣ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይና በታች ባሉት ቤቶች በኩል ነው። ስለዚህ ከታች የሚመጡትን መኪኖች ማስቆም፣ ሞተር ማስጠፋት፣ ምድጃ ማስጠፋት የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል። በብዙ አገሮች የሚሠራበት የአደጋ ጊዜ መመሪያ እንደሚለው፣ ጋዝ ሲያፈስ ቢያንስ 100 ሜትር ዙሪያውን ማግለል፣ ፍሳሹ ብዙ ከሆነ በነፋሱ አቅጣጫ 800 ሜትር ሰው ማሸሽ፣ ታንከሩ በእሳት ከተያያዘ ደግሞ በሁሉም አቅጣጫ 1,600 ሜትር ማራቅ ይገባል። በ268 እና በ23 መካከል ያለው ልዩነት ማን ከየትኛው ሰፈር ቀድሞ ይወጣል የሚለውን ይወስናል።

በአማርኛ «ተቀጣጣይ ጋዝ፣ እሳት አታቅርቡ» ብሎ መጻፉን አልቃወምም፤ እንዲያውም ለመንገደኛውና ለአካባቢው ሰው እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ከሰሌዳው ጋር ይጻፍ እንጂ ሰሌዳውን አይተካም።

የከባድ መኪና ሹፌር (ሸዋ ሮቢት)

የመልስ ጉዞውን የነካው ስለሌለ እኔ ልመልስ። የተራገፈ ቦቴ ባዶ አይደለም። ፈሳሹ ቢያልቅም ውስጡ በጋዝ የተሞላ ነውና፣ ታንከሩ ታጥቦ ጋዙ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ ድረስ ሰሌዳውም ነበልባሉም በቦታቸው መቆየት አለባቸው። ኬላ ላይ እንዳይቆም ብሎ በሸራ የሚሸፍን ሹፌር አይቻለሁ፤ ይህ በራሱም በሌላውም ሕይወት ላይ መፍረድ ነው፤ ማኅበራችሁ በመተዳደሪያ ደንቡ ሊከለክለው ይገባል።

ሌላው የዚህ መንገድ ጠባይ ነው። ከደብረ ብርሃን ውርጭ ተነሥታችሁ በአንድ ጉዞ ቆላ ትወርዳላችሁ፤ በሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጫፉ ይነሣና ነፋስ ይገነጥለዋል። ላሜራ ላይ አሠርታችሁ በብሎን እሰሩት። በክረምት የኋላው ሰሌዳ በጭቃ ስለሚሸፈን ረዳቱ በቆማችሁበት ሁሉ በጨርቅ ይጥረገው።

የማኅበር ጸሐፊ (ደብረ ብርሃን)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የ268 ሰሌዳ ዛሬውኑ እንዲወርድና ታንከሩ ወደ ምርመራ እንዲገባ ለኮሚቴው አሳውቄአለሁ። አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እየታጠፈ የሚከፈትና የሚዘጋ ሰሌዳ በገበያ አለ ይባላል፤ እሱን መጠቀም ይቻላል?

የታንከር ምርመራ ባለሙያ

መታጠፉ በራሱ ክልክል አይደለም፤ ነገር ግን በጉዞ ላይ እንዳይከፈት ወይም ቁጥሩ እንዳይወድቅ ሆኖ የተሠራ መሆን አለበት። ደንቡ ሰሌዳው በእሳት ተከቦ ለ15 ደቂቃ ከቆየ በኋላም ቁጥሩ እንዲነበብ፣ ሰሌዳውም ከቦታው እንዳይላቀቅ ይጠይቃል፤ ተራ ፕላስቲክ በዚህ ፈተና አያልፍም። እናንተ የምትጭኑት አንድ ዓይነት ጋዝ ስለሆነ ቁጥሩ በብረት ላይ ተቀርጾ ወይም ተቀጥቅጦ የወጣ፣ በቋሚነት የታሰረ ሰሌዳ አሠሩ። የድሮው ሰሌዳ የነበረበትን የብሎን ቀዳዳ መጠቀም ይቻላል፤ አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገ ግን መቦርቦርም ሆነ መበየድ የሚፈቀደው በፍሬሙ ላይ ብቻ ነው፤ የታንከሩን አካል ማንም እንዳይነካው።