ቡቺ ወፍሯል ወይስ ጸጉሩ ነው?

ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። ቡቺ የሚባል የአበሻ ውሻ አለኝ፤ ወንድ ነው፣ 4 ዓመቱ። ጸጉሩ እንደ መንዝ በግ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ በዓይን መፍረድ አቃተኝ። አቅፌው ሚዛን ላይ ወጣሁና የራሴን ኪሎ ቀነስኩ፤ 28 ኪሎ ሆነ። አምና 23 ነበር።

ጎኑን ቀስ ብዬ ስዳብሰው የጎድን አጥንቱ አይገኝም፤ ጫን ስል ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከላይ ሳየው ወገቡ ከደረቱ እኩል ነው። እንጀራውን ለሁለት ወር በግማሽ ቀነስኩበት፤ ወይ ፍንክች! ለካ ሰፈር ያለው ሥጋ ቤት ጮማ ይጥልለታል። አሁን አስቁሜዋለሁ። አንድ የከብት ሐኪም ባማክር "ውሻ ሲወፍር ደስ አይልህም?" ብሎ ሳቀብኝ።

ጫን ሲሉት ብቻ የሚገኝ ጎድን የውፍረት ምልክት ነው ወይስ ጸጉራም ውሻ ላይ ያለ ነው?