እንቅርት ለወጣባት የእህቴ ልጅ የትኛው ጨው ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ጎጃም ገጠር የምትኖር የ9 ዓመት የእህቴ ልጅ አንገቷ ላይ እንቅርት ወጥቶባታል። ስትውጥ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። ጤና ጣቢያ «አዮዲን ያለው ጨው ተጠቀሙ» ብለው ሸኟቸው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ገበያቸው ላይ ያለው ጆንያው ተከፍቶ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ጨው ነው። አዮዲን ደግሞ በፀሐይና በእርጥበት ይቀንሳል።

ከአዲስ አበባ የታሸገ ልልክላቸው ነው። ግን እናቴ ጨውን ከበርበሬና ከሽሮ ጋር አስፈጭታ ለወራት ታስቀምጣለች። እንዲህ ሆኖ አዮዲኑ ይቆያል? ወይስ ወጡ ሊወጣ ሲል ቢጨመር ይሻላል? እንጀራቸው የዳጉሳ ነው፤ ዳጉሳ እንቅርት ያባብሳል የሚባለውስ? እንከልክላት? ሐኪሞች ካላችሁ፣ የደም ምርመራ ሳታደርግ በጨው ብቻ መጠበቅ ይቻላል ወይ?