የጺም ሳሙና አረፋ በድሬዳዋ ውሃ አልቆም አለኝ፤ አንገቴም ሽፍታ ያወጣል

ከዚራ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ነው። ለዓመታት የምላጨው ባለ ሦስት ምላጭ በሆነ የፕላስቲክ መላጫና ከቆርቆሮ በሚወጣ አረፋ ነበር። በቅርቡ ጀርመን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ዞሊንገን ከተማ የተሠራ መርኩር 34ሲ የሚባል የብረት መላጫ፣ አንድ ፓኬት አስትራ ምላጭ፣ አረንጓዴውን የፕሮራሶ የጺም ሳሙና እና የሳሙናውን አረፋ ማንሻ አንድ ብሩሽ ላከልኝ። ምላጩ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እርሳስ ስንቀርጽበት የኖርነው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ስለሆነ እዚህም በየሱቁ አይጠፋም፤ መላጫውም ክብደት ያለውና ለእጅ የሚመች ነው። ዘዴውን ወድጄዋለሁ፣ ልተወውም አልሻም። ሆኖም ሁለት ነገር አስቸግሮኛል፤ በሦስተኛው ደግሞ ምክር እፈልጋለሁ።

አንደኛው ችግሬ አረፋው ነው። ሳሙናውን በመዳፌ አርጥቤ ፊቴን ስቀባው መጀመሪያ ላይ አረፋ የሚመስል ነገር ይነሣል፤ ነገር ግን አንዱን ጉንጭ ላጭቼ ሳልጨርስ ይሟሽሻል፣ ይደርቃል፣ መታጠቢያው ሳህን ላይም የሚያጣብቅ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ወንድሜ በዚያው ሳሙና ወፍራም አረፋ ሲያነሣ በቪዲዮ አሳይቶኛል።

ሁለተኛው፣ ከመንጋጋዬ በታች ጺሜ ተጠምዝዞ በሚበቅልበት የአንገቴ ክፍል ላይ በተላጨሁ በማግስቱ የሚያሳክክና አንዳንዴም የሚያመረቅዝ ሽፍታ ይወጣል። በፕላስቲኩ መላጫም ይወጣ ነበር፤ በብረቱ ይጠፋል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቪዲዮዎቹ እንደሚያሳዩት መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎ ወደ ጎን፣ በመጨረሻም ቆዳዬን ወጥሬ ወደ ላይ እላጨዋለሁ።

ሦስተኛው ስለ ብሩሹ ነው። ማሸጊያው ላይ ከአሳማ ጸጉር የተሠራ መሆኑ ስለተጻፈ በእምነቴ ምክንያት ልጠቀምበት አልፈለግሁም። በምን ልተካው?

የኬሚስትሪ መምህር

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ምክንያቱ ሳሙናው አይደለም፣ ውሃው ነው። ድሬዳዋ የምትጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነው፤ ይህ ውሃ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እያለፈ ስለሚመጣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በብዛት ይዟል። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ የሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራትም በዚሁ ድንጋይ ምክንያት ነው። ሻይ የሚያፈሉበትን በራድ ከፍተው ቢመለከቱ ከሥሩ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት ያገኙታል፤ አረፋዎን የሚገድለውም እርሱው ነው።

ሳሙና ማለት ከሶዲየም ወይም ከፖታሲየም ጋር የተዋሐደ የቅባት አሲድ ነው። በዚህ መልኩ እስካለ ድረስ በውሃ ይሟሟል፣ አረፋም ይሠራል። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ሲያገኘው ግን ካልሲየሙ የሶዲየሙንና የፖታሲየሙን ቦታ ይወስድና በውሃ የማይሟሟ ሌላ ነገር ይፈጥራል፤ መታጠቢያው ላይ የሚያዩት የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይኸው ነው። ስለዚህ ከሚቀቡት ሳሙና የተወሰነው ገና አረፋ ሳይሆን በውሃው ይባክናል ማለት ነው። የጺም ሳሙና አረፋው እንዲቆይ ስቴሪክ አሲድ፣ በቀላሉ እንዲሟሟ ፖታሲየም ይጨመርበታል፤ በዚህም ከገላ ሳሙና እጅግ የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ የድሬን ውሃ ብቻውን አይችለውም።

መፍትሔው ብዙ ወጪ የለበትም፤ ለአንድ ጊዜ መላጨት ከሁለት ብርጭቆ በላይ ለስላሳ ውሃ፣ ማለትም ካልሲየምና ማግኒዚየም ያነሰበት ውሃ፣ አያስፈልግዎትምና። በዋዜማው ማታ ውሃውን ለጥቂት ደቂቃዎች ያንተክትኩት። በውስጡ በባይካርቦኔት መልክ ያለው ካልሲየም በሙቀቱ ወደ ካርቦኔትነት ተለውጦ ወደ ሥር ይዘቅጣል። እስኪቀዘቅዝና እስኪጠራ ድረስ ሳይነቀንቁ ይተዉት፤ ጠዋት ላይ ከላይ ያለውን በቀስታ ወደ ሌላ ዕቃ ይገልብጡና የሥሩን ይድፉት። በሰልፌት መልክ ያለው ካልሲየም በማፍላት አይወጣም፤ ያም ሆኖ ልዩነቱን በመጀመሪያው ቀን ያዩታል። በክረምት ደግሞ የዝናብ ውሃን የሚስተካከል የለም፤ ጣሪያው በደንብ ከታጠበ በኋላ የሚወርደውን ያጠራቅሙ። አዲስ አበባ የገፈርሳንና የለገዳዲን የግድብ ውሃ የሚያገኙ ሰፈሮች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም፤ የአቃቂን የጉድጓድ ውሃ የሚያገኙት ግን የእርስዎን ያህል ባይሆንም ያውቁታል።

ከውሃው ሌላ የሙቀቱንም ነገር ያስቡበት። በድሬዳዋ አየር፣ ያውም ቬንትሌተር እየዞረ፣ ፊት ላይ የተቀባ ማንኛውም አረፋ ውሃው በፍጥነት ይተንናል። ሙሉ ፊትዎን ከመቀባት አንዱን ወገን ብቻ ቀብተው ይላጩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገሩ። ብሩሽ ሲያገኙ አርጥበው ውሃውን በደንብ ያራግፉት፤ ሳሙናው ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያሽከርክሩት፤ ከዚያ በኋላ በጣትዎ ጫፍ ጠብታ ጠብታ ውሃ እየጨመሩ ፊትዎ ላይ ይምቱት። መጀመሪያ የሚወጣው ደረቅና ትልልቅ ፊኛ የበዛበት ነው፤ እርሱን አይቁጠሩት። ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ፊኛዎቹ ይጠፋሉ፣ መልኩ እንደ ወፍራም እርጎ የሚያብረቀርቅ ይሆናል፤ በሁለት ጣት መካከል ሲያሹትም ያንሸራትታል። ምላጩን ማስጠጋት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ብሩሹ እኔ ልመልስ፤ በዚህ ጉዳይ የብዙ ወገኖቻችንን ጥያቄ ስሰማ ኖሬአለሁ። የብሩሽ ጸጉር በአመዛኙ አራት ዓይነት ነው፦ የአሳማ፣ ባጀር የሚባለው አውሬ፣ የፈረስ እና ሰው ሠራሽ። የእርስዎ ጭንቀት እምነት ከሆነ ሰው ሠራሹን ያለማመንታት ይግዙ። የዛሬ ሃያ ዓመት ሰው ሠራሽ ብሩሽ እንደ ርካሽ ምትክ ይታይ እንደነበር አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን በሳክሶኒ የሚገኘው ሙሌ፣ ቦሎኛ ያለው ኦሜጋም ሳይቀር፣ ጫፉ እጅግ ለስላሳ የሆነና ሳሙና በፍጥነት የሚያነሣ ሰው ሠራሽ ብሩሽ ይሠራሉ። ለእርስዎ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የአሳማ ጸጉር ከመጠቀም በፊት ውሃ ውስጥ ሊዘፈዘፍ ይገባል፣ እስኪለዝብም ብዙ ጊዜ ይፈጃል፤ ሰው ሠራሹ ይህን አይፈልግም፣ ቶሎም ይደርቃል።

ከፈረስ ጸጉር የተሠራ አዲስ ብሩሽ ከታወቀ አምራች ቢገዙ ምንም የለበትም። ከአሮጌ ዕቃ ተራ የተገኘ፣ ዘመኑ የማይታወቅ ብሩሽ ግን በነጻም ቢሰጥዎት ፊትዎ ላይ አያስነኩት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወጉ ካልጸዳ የፈረስ ጸጉር በተሠሩ የጺም ብሩሾች ምክንያት አሜሪካዊና እንግሊዛዊ ወታደሮች አባ ሰንጋ ይዟቸዋል፤ የሞቱም ነበሩ። የአባ ሰንጋን ክፋት ለአገራችን ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ካነሣን የሳሙናውንም ጽሑፍ ያንብቡ። ‹ታሎዌት› የሚል ካገኙ የእንስሳ ሞራ አለበት ማለት ነው፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ስለማይገልጽ አምራቹን መጠየቅ ይበጃል። ‹ላርዴት› የሚል ካለ ግን የአሳማ ስብ ነው።

ብሩሹን ከተጠቀሙ በኋላ በዚያው በጠራው ውሃ ያለቅልቁት። የቧንቧው ውሃ ኖራ ጸጉሩ ሥር ገብቶ ካደረቀው ጥቂት አቼቶ በብዙ ውሃ በጥብጠው ለአጭር ጊዜ ይንከሩት፣ ይለቀዋል።

የቆዳ ክፍል ነርስ

እኔ የምጽፈው ስለ ሽፍታው ነው፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች ሊዘገይ የማይገባው ይህ ይመስለኛልና። የገለጹት ሽፍታ ከቆሻሻ ምላጭ የመጣ ላይሆን ይችላል። ጺማቸው ጥቅልል በሆነ ሰዎች ላይ፣ ስለዚህም በእኛ ዘንድ፣ በብዛት የሚታይ ነው፤ ምክንያቱም የጸጉሩ ቅርጽ ነው። ጥቅልል ጸጉር ሲቆረጥ ጫፉ ሹል ይሆናል። ከቆዳው ወጥቶ ጥቂት እንዳደገ ይታጠፍና ተመልሶ ቆዳውን ይወጋል፤ ወይም ደግሞ ከቆዳው ወለል በታች ከተቆረጠ ሳይወጣ እዚያው የቀዳዳውን ግድግዳ ይበሳል። ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ስለሚቆጥረው ያብጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴም ይመግላል።

ባለ ብዙ ምላጩ መላጫ ይህን የሚያባብሰው ከአሠራሩ የተነሣ ነው። ኪንግ ካምፕ ጂሌት ምላጩ ለሚቀየር መላጫ ፓተንት (የፈጠራ መብት) ካገኘበት ከእ.ኤ.አ. 1904 ጀምሮ ለብዙ አሠርት ዓመታት የተለመደው በአንድ ጊዜ አንድ ስለት ብቻ ቆዳ የሚነካበት መላጫ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 ባለ ሁለት ምላጩ፣ በ1998 ባለ ሦስቱ ወጣ። በእነዚህ የፊተኛው ምላጭ ጸጉሩን ሳብ ያደርገዋል፤ ጸጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ የኋለኛው ይደርስና ይቆርጠዋል፤ የቀረውም ጫፍ ከቆዳው በታች ይሰወራል። ለጊዜው በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ያለ ነው፤ ለጥቅልል ጺም ግን መከራው የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ወደ አንድ ስለት መመለስዎ ትክክል ነው። ነገር ግን ቆዳዎን ወጥረው ወደ ላይ በሚላጩበት ጊዜ ባለ ሦስት ምላጩ ያደርግ የነበረውን በእጅዎ እያደረጉት ነው፤ ውጥረቱ ሲለቀቅ የተቆረጠው ጸጉር ወደ ውስጥ ይገባል። ቪዲዮዎቹን የሚሠሩት ሰዎች በአብዛኛው ጺማቸው ቀጥ ያለ ነው፤ ለእነርሱ የሚስማማው ሦስተኛ ዙር ለእርስዎ አንገት አይሆንም። መጀመሪያ ሽፍታው እስኪጠፋ ድረስ ለሦስትና ለአራት ሳምንት መላጨቱን ይተዉት፤ ግድ ከሆነ በጸጉር ማስተካከያ ማሽን ጥቂት አስቀርተው ያሳጥሩት። ታጥፎ ቆዳ ውስጥ የገባ ጸጉር ካዩ በፈላ ውሃ በጸዳ መርፌ ጫፉን ብቻ ነጻ ያውጡት፤ ከሥሩ አይንቀሉት፣ ተመልሶ ሲበቅል ያው ይሆናልና።

ወደ መላጨት ሲመለሱ ጺምዎ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚበቅል በጣትዎ እየዳሰሱ ይለዩ። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ አቅጣጫው ከግራና ከቀኝ ይለያያል። በአበቃቀሉ አቅጣጫ ብቻ፣ አንድ ዙር፣ ቢበዛ አረፋ በድጋሚ ተቀብተው ወደ ጎን ሁለተኛ ዙር ይላጩ፤ ወደ ላይ ግን አይሂዱ። ምላጩ ከቆዳዎ ጋር 30 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ይያዝ፤ የመላጫው ክብደት በቂ ስለሆነ በእጅዎ አይጫኑት። ሲዳሰስ ጥቂት ሻካራ ሆኖ ቢቀር ይተዉት፤ ለጥቅልል ጺም ጤናማው አቆራረጥ ይህ ነው። ሽፍታው መግል ከቋጠረ፣ ከሰፋ፣ ወይም ያበጠ ጠባሳ ማለትም ኬሎይድ መሥራት ከጀመረ በቤት ውስጥ ዘዴ ጊዜ ሳያጠፉ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ቦሌ

ከላይ ያለውን ምክር ባከብርም ሁለተኛው ዙር ለሁሉም ሰው ይስማማል ብዬ አላምንም። የእኔ ጺም እጅግ ጥቅልል ነው፤ አንገቴ ላይ ወደ ጎን ስላጭ እንኳ ሽፍታው ይመለሳል። በአንድ ዙር ብቻ መርካትን ከለመድሁ ወዲህ ግን ቆዳዬ ዐርፏል። ምላጩንም በተመለከተ፣ ፌዘር የተባለው የጃፓን ምላጭ እጅግ ስለታም ነው ተብሎ ስለሚወደስ አዲስ ጀማሪዎች ይጓጉለታል። ያለዎትን አስትራ ይዘው ይቆዩ። እጅ ሳይለምድ በጣም ስለታም የሆነ ምላጭ ይዞ አንገት ላይ መለማመድ አይመከርም፤ ደነዝ ምላጭም ጸጉሩን እየጎተተ ያንኑ ጉዳት ያመጣል።

ከዚራ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ውሃውን አፍልቼና አጥርቼ በመዳፌ ብቻ ሞከርሁት፤ ለጊዜው የቀባሁት እጄን ነው፣ ፊቴን እንደተባልሁት አሳርፌዋለሁ። አረፋው ወፈር ብሎ ቆየ፣ ሳህኑ ላይም ያ ዝቃጭ አልታየም። ወንድሜ ሰው ሠራሽ ብሩሽ በሚመጣ ሰው እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ አንድ ምላጭ ለስንት ጊዜ ያገለግላል? ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስላሉ ያለቀውንስ የት ላድርገው?

የቆዳ ክፍል ነርስ

እንደ ጺምዎ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል፤ መጎተት ከጀመረ ግን ቁጥሩን ሳይጠብቁ ይቀይሩት። ተላጭተው ሲጨርሱ በውሃ አለቅልቀው ያራግፉት እንጂ ስለቱን በፎጣ አይጥረጉት፤ ስለቱም ጣትዎም ይጎዳል። መላጫውንም ሆነ ምላጩን ለወንድምም ቢሆን አያውሱ፤ ኤች አይ ቪም ሆነ ጉበትን የሚያጠቃው ቫይረስ በደም ይተላለፋል። ላለቀው ምላጭ አንድ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ክዳኑን ሳይከፍቱ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ እንዲኖረው ያድርጉ፦ ከላይ በቢላዋ ቀጭን ስንጥቅ አውጥተው ድልሁን ያፍስሱና ይጠቡት፤ ምላጩ በስንጥቁ ይገባል፣ የልጅ ጣት ግን አይገባም። ልጆች የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡት፤ ሲሞላም ስንጥቁን በመዶሻ ደፍነው ቆሻሻ ለሚያነሡት ሰዎች ምን እንደሆነ ነግረው ያስረክቡ።