«በአይጥ ተረጋግጧል» ለጉበት ታማሚ ምን ይጠቅመዋል?

ሄኖክ፦ ትናንት እዚህ የተለጠፈው ቪዲዮ በጣም አናዶኛል። «የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች ጉበትን ከጉዳት ይጠብቃሉ፤ በአይጥ ተረጋግጧል» ይላል። ይህን የሰማ የሄፓታይተስ ታማሚ መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ተጠያቂው ማነው?

ሰብለ፦ አቋርጡ ያለ አለ እንዴ? ሲሊማሪን፣ ሚልክ ቲስል ከተባለው ተክል የሚወጣው፣ ብዙ የተጠና ነገር ነው። በመርዛማ እንጉዳይ ለተመረዘ ሰው የሲሊማሪን ዋና ክፍል የሆነው ሲሊቢኒን በደም ሥር ይሰጣል። መርዙ ወደ ጉበት ሴል እንዳይገባ ይከላከላል። ይሄም ተረት ነው?

ሄኖክ፦ ተረት አላልኩም። ግን ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠውና ሰው በራሱ ገዝቶ የሚውጠው እንክብል አንድ አይደሉም። እንክብሉ በ154 የሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎች ላይ ለ24 ሳምንት ተሞክሯል። ውጤቱ በ2012 እ.ኤ.አ. ወጣ። በደም ውስጥ የጉበት ጉዳትን የሚያሳየው የጉበት ኢንዛይማቸው የማስመሰያ እንክብል ከወሰዱት የተሻለ አልወረደም።

ሰብለ፦ እነሱ እኮ ቫይረስ ነው ያለባቸው፤ ያውም በኢንተርፌሮን፣ በድሮው የሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት፣ ያልዳኑ። በአይጥ የተረጋገጠው በኬሚካል ለሚመጣ ጉዳት ነው።

ያሬድ፦ እስቲ ይሄን «ተረጋግጧል» እንየው። አይጧ መጀመሪያ የዕፁን ጭማቂ ለቀናት ትወስዳለች። ከዚያ ካርቦን ቴትራክሎራይድ ይሰጣታል። ይህ ኬሚካል ጉበትን የሚጎዳው እዚያው ጉበት ውስጥ በኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው። ጭማቂው ኢንዛይሙን እንዳይሠራ ካገደው ጎጂው ነገር ድሮም አይፈጠርም። እኛ ግን «ጉበቷ ዳነ» እንላለን። ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ከተጎዳ በኋላ ነው!

ሰብለ፦ መጠበቅ ማለት እኮ አስቀድሞ ነው።

ያሬድ፦ ከምን አስቀድሞ? ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የሚወስድ ሰው ቀድሞ ጭማቂ ይጠጣል? እሱን የሚያድነው አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት ነው፤ በተለይ በ8 ሰዓት ውስጥ ከደረሰለት።

ትዕግሥት፦ ፓራሲታሞል ራሱ ጉበት ይጎዳል፣ ግን ማንም አይጮህበትም። ዕፅ ሲባል ብቻ ትነሳላችሁ። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒን ከዕፅ አይደል የወጣው?

ሄኖክ፦ ነው። ግን ንጥረ ነገሩ ተለይቶ፣ መጠኑ ታውቆ፣ በሰው ላይ ተሞክሮ ነው መድኃኒት የሆነው። በአይጥ አልቆመም። የእርድና የአረንጓዴ ሻይ እንክብል ወስደው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎችም አሉ።

ሰብለ፦ እርድን ምን አመጣው? እኔ የማወራው ስለ ሲሊማሪን ነው።

ሄኖክ፦ ቪዲዮው «ዕፅዋት» ብሎ በጅምላ ነው ያወራው። አንቺ ነሽ ወደ ሲሊማሪን ያጠበብሽው።

ትዕግሥት፦ የፓራሲታሞሉን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም።