ቀብድና ቀሪ ክፍያ በድረ ገጽ መቀበል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦ ጥለት (ፒያሳ፣ ጎንደር)

ጤና ይስጥልኝ። ከእናቴ ጋር የሀገር ልብስ እናሠራለን። አራት ሸማኔዎችና ሁለት ጥልፍ ሠሪዎች አብረውን አሉ። ትእዛዝ የምንቀበለው በቴሌግራም ነው፤ ደንበኛው ጥለቱን ይመርጣል፣ ልኩን ይልካል፣ የዋጋውን ግማሽ ቀብድ በባንክ ወይም በቴሌብር ያስገባል፣ የደረሰኙን ፎቶ ይልክልኛል። ቀሪውን ልብሱ ሲያልቅ ይከፍላል። እስካሁን የኖርነው በዚህ ነው።

ጥር መጀመሪያ ላይ፣ የጥምቀት ትእዛዝ በተደራረበበት ሳምንት፣ አንድ ደንበኛ ቀሪውን 7,200 ብር ከፍያለሁ ብሎ ደረሰኝ ላከልኝ። ስሜ አለ፣ የሂሳብ ቁጥሬ አለ፣ ቀኑም ልክ ነው። ቀሚሱንና ኩታውን ለመጣው መልእክተኛ አስረከብሁ። ማታ ሂሳብ ስሠራ ገንዘቡ የለም። ደረሰኙን አጉልቼ ሳየው የብሩ መጠን የተጻፈበት ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ትንሽ ይወፍራል። ሸማኔው ለዚያ ቀሚስ አሥራ አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጧል፤ የእርሱን ድካም ሳስብ አሁንም ያንገበግበኛል።

አሁን የአክስቴ ልጅ ድረ ገጽ እየሠራልኝ ነው። ደንበኛው እዚያው ከፍሎ እንዲጨርስ እፈልጋለሁ። ለእንደኔ ዓይነት ትንሽ ንግድ ይህን አገልግሎት የሚሰጠው ማን ነው? ምን ምን ይጠይቃል? ውጭ ሀገር ያሉ ደንበኞቼስ በካርዳቸው መክፈል ይችላሉ? የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ፦ የማራኪው ፕሮግራመር

እኅቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። የምትፈልጊው የክፍያ ጌትዌይ ይባላል። ደንበኛው ድረ ገጽሽ ላይ «ክፈል» የሚለውን ሲነካ ወደ ጌትዌዩ ገጽ ይሻገራል፤ እዚያ ቴሌብር፣ ሲቢኢ ብር፣ ኤምፔሳ ወይም የባንክ ካርድ ይመርጣል። ከፍሎ ሲጨርስ ጌትዌዩ ራሱ ለድረ ገጽሽ «ይህ ትእዛዝ ተከፍሏል» ብሎ ይነግረዋል፤ ገንዘቡም ኮሚሽን ተቀንሶለት ወደ ባንክ ሂሳብሽ ይተላለፋል። የደረሰኝ ፎቶ የሚባል ነገር በመካከሉ የለም። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ወስደው ይህን ከሚሠሩት መካከል ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ አሉ። ከእነርሱ ሁለቱን መርጠሽ ደውለሽ ጠይቂ፤ ኮሚሽናቸው ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ በስንት ቀን ሂሳብሽ እንደሚገባ፣ ችግር ሲፈጠር ስልክ የሚያነሣ ሰው እንዳላቸው። ለእኔ ከኮሚሽኑ ይልቅ የመጨረሻው ይበልጣል።

የሚጠይቁት የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የባለቤቱን መታወቂያና የባንክ ሂሳብ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቆመው በስም ነው። ፈቃዱ በእናትሽ ስም፣ ሂሳቡ በአንቺ ስም ከሆነ ጉዳዩ ተመላልሶ ወር ይፈጅብሻል። ከማመልከትሽ በፊት ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዪ።

አሁን ለአክስትሽ ልጅ የምለው አለኝ፤ ይህን አንብቢለት። ጌትዌዩ የሚሰጣችሁ ምስጢራዊ ቁልፍ (እንደ የይለፍ ቃል ያለ ኮድ ነው) ሰርቨር ላይ፣ ማለትም ድረ ገጹን በሚያስተናግደው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ይቀመጥ፤ በገጹ ኮድ ውስጥ ከገባ ማንም ሰው በአሳሹ ከፍቶ ያየዋል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ደንበኛው ከከፈለ በኋላ የሚመለስበት «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ የክፍያ ማረጋገጫ አይደለም። አድራሻውን የሚያውቅ ሰው ሳይከፍል ሊከፍተው ይችላል። ያ ገጽ ሲከፈት ትእዛዙን «ተከፍሏል» ብሎ የሚመዘግብ ድረ ገጽ ከሠራ፣ በጥር ወር የመጣብሽን ሐሰተኛ ደረሰኝ በሌላ በር አስገባው ማለት ነው። ሰርቨሩ የግብይቱን መለያ ይዞ ጌትዌዩን መልሶ ይጠይቅ፤ «ትእዛዝ 214 ተከፍሏል ወይ? ስንት ብር?» ይበል። መጠኑንም ያመሳክር፤ የ7,200 ብር ትእዛዝ ላይ 72 ብር ቢከፈል መልሱ «ተሳክቷል» የሚል ነው። የጌትዌዩ ማሳወቂያ ሁለት ጊዜ ሊመጣ ስለሚችልም አንዴ የተመዘገበው ደግሞ እንዳይመዘገብ ያድርግ። የሙከራ ቁልፍ ይሰጧችኋልና ይህን ሁሉ እውነተኛ ብር ሳይንቀሳቀስ መሞከር ይቻላል።

መልስ፦ የባንክ ሠራተኛ

እስከዚያው ድረስ ሱቅሽን አትዘጊምና ስለ ደረሰኝ እኔ ልናገር። በየሳምንቱ መስኮቴ ላይ የሚያለቅስ ነጋዴ አያለሁ።

ደንበኛው በስልኩ የሚያሳይሽ ምንም ነገር ማስረጃ አይደለም። ፎቶ አይደለም፣ የተላለፈ የጽሑፍ መልእክት አይደለም፣ «ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክትም አይደለም። ማስረጃው በራስሽ ሂሳብ ላይ የታየ ገንዘብ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዝውውር በ«ኤፍቲ» የሚጀምር መለያ ቁጥር አለው፤ ደንበኛው ቁጥሩን ይንገርሽና ከሂሳብሽ እንቅስቃሴ ውስጥ አንቺ ፈልጊው። ካገኘሽውም ደብተርሽ ላይ ከትእዛዙ ቁጥር አጠገብ ጻፊው። ምክንያቱም እውነተኛ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ይላካል፤ የታኅሣሡን የቀብድ ደረሰኝ በጥር እንደ ቀሪ ክፍያ አድርጎ የሚያመጣ አለ፤ ቁጥሩ ደብተርሽ ላይ ካለ ወዲያው ትይዥዋለሽ።

ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሂሳብና ስልክ ይኑርሽ። ልብሱን የሚያስረክበው ሌላ ሰው ከሆነ የገቢ መልእክቱን ማየት ያለበት እርሱ ነው፤ አንቺ ገበያ ስትወጪ ስልኩ አብሮሽ ከወጣ ረዳትሽ ፎቶ ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም።

የተታለልሽበትን ጉዳይ ደግሞ አትተዪው። የቴሌግራም ንግግሩን አታጥፊ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ይሰጣል። የዚያን ቀን የሂሳብ እንቅስቃሴ ከባንክሽ ማኅተም ተደርጎበት አውጪና ሐሰተኛውን ደረሰኝ ጨምረሽ ለፖሊስ አመልክቺ።

መልስ፦ ጋቢ ነጋዴ (ቅዳሜ ገበያ)

ልጄ፣ እኔ ድረ ገጽ ላይ አትቸኩዪ እላለሁ። በወር ስንት ትእዛዝ ነው ያለሽ? ሃያ ሠላሳ ከሆነ ቴሌብር የነጋዴ ሂሳብ ክፈቺ፤ ቁጥርና ኪውአር ኮድ ይሰጡሻል፣ ክፍያ ሲገባ መልእክቱ በራስሽ ስልክ ይመጣል። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር እኔም አላመንሁትም ነበር፤ ዛሬ ከገጠር የሚመጣው ጋቢ ገዢ እንኳን ጥሬ ብር ይዞ አይዞርም።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። በነሐሴ 2015 በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራውን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የጣለ ሰው ምን እንደደረሰበት አይተናል። *127# ግን በተራ ስልክም፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ድረ ገጽ ብትሠሪም ይህን መንገድ አትዝጊው፤ የነጋዴ ቁጥርሽን ወረቀት ላይ አሳትመሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊው።

መልስ፦ የማራኪው ፕሮግራመር

አባባ፣ ሁለተኛ መንገድ ይኑራት በሚሉት እስማማለሁ። ስለ ድረ ገጹ ግን ልዩነት አለኝ። ለእርሷ ከባዱ ነገር ገንዘቡ መግባቱ ሳይሆን የትኛው ገንዘብ የየትኛው ትእዛዝ እንደሆነ መለየቱ ነው። በጥምቀት ሰሞን በአንድ ቀን አሥር ሰው እኩል 3,000 ብር ቀብድ ቢያስገባ በነጋዴ ቁጥሩ ላይ የሚታየው አሥር ጊዜ 3,000 ነው። ጌትዌዩ ግን እያንዳንዱን ከትእዛዙ ቁጥር ጋር አሥሮ ያመጣዋል። መካከለኛ መንገድም አለ፤ ድረ ገጹ እስኪያልቅ ጌትዌዩ ላይ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የክፍያ ሊንክ አውጥታ በቴሌግራም መላክ ትችላለች። ለዚህ ኮድ አያስፈልግም።

መልስ፦ ላኪ (አዘዞ)

ሦስተኛው ጥያቄሽ አልተመለሰም። ውጭ ያሉ ደንበኞችሽ ስትራይፕ ወይም ፔይፓል በሚባሉት የውጭ የክፍያ አገልግሎቶች እንክፈልሽ ይሉሻል፤ የለመዱት እነዚህን ነውና። ስትራይፕ ለነጋዴ ሂሳብ ከሚከፍትባቸው ሀገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም፤ ፔይፓልም በኢትዮጵያ ሂሳብ ክፍያ ለመቀበል አያገለግልም። ነገር ግን የውጭ ቪዛና ማስተርካርድ የሚቀበሉ የሀገር ውስጥ ጌትዌዮችና ባንኮች አሉ። ስታመለክቺ «የውጭ ካርድ ለእኔ ይከፈትልኛል ወይ?» ብለሽ ለይተሽ ጠይቂ፤ ተጨማሪ ማጣሪያ ሊኖረው ይችላል።

አሜሪካ ባለ ዘመድ ስም ሂሳብ ከፍተሽ በዚያ ተቀበዪ የሚልሽ አይጠፋም። አልመክርሽም። ገቢው በዘመድሽ ስም ይመዘገባል፣ ግብሩ እርሱ ላይ ይመጣል፣ ብትጣሉ ገንዘቡ የማን ነው?

ስለ ካርድ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ ካርድ የከፈለ ሰው ባንኩ ዘንድ ሄዶ «ዕቃው አልደረሰኝም» ወይም «እኔ አልከፈልሁም» ማለት ይችላል። ለዚህ ያለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እስከ 120 ቀን ይደርሳል። ማስረጃ ካላቀረብሽ ገንዘቡ ከአንቺ ላይ ተነሥቶ ይመለስለታል። ስለዚህ ለውጭ ትእዛዝ ደንበኛዋ ልኳን አረጋግጣ የጻፈችበትን መልእክት፣ ልብሱ ሲታሸግ ያነሣሽውን ፎቶና የፖስታውን መከታተያ ቁጥር በአንድ ቦታ አኑሪ። በዶላር ዋጋ ከሰጠሽ ደግሞ ዋጋው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና ጻፊ፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ምንዛሬው በገበያ ስለሚወሰን የወር ዋጋ መስጠት ያከስራል።

መልስ፦ የሂሳብ ባለሙያ

በአጭሩ። ጌትዌዩ ከ5,000 ብር ላይ ለምሳሌ 150 ብር ኮሚሽን ቆርጦ 4,850 ቢያስገባልሽ፣ ሽያጭሽ 5,000 ነው። 150ው ወጪ ነው። ሂሳብሽ የገባውን ብቻ ሽያጭ ብለሽ ከመዘገብሽ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ከጌትዌዩ ሪፖርት ጋር አይገጥምም፤ ማብራሪያ የምትጠየቂውም አንቺ ነሽ። የባንክ መልእክትም የሽያጭ ደረሰኝን አይተካም፤ ደረሰኝ መቁረጥሽን ቀጥይ።

ጠያቂ፦ ጥለት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ ወረቀቶቹን ዘርግቼ አየሁ። ንግድ ፈቃዱ በእናቴ ስም ነው፤ ሂሳቡ በእኔ። ነገ አብረን ባንክ ሄደን በእርሷ ስም ለሱቁ ብቻ የሚሆን ሂሳብ እንከፍታለን፤ የቴሌብሩንም የነጋዴ ቁጥር በዚያው። ጌትዌዩን በክፍያ ሊንክ እጀምራለሁ፤ የአክስቴ ልጅ «እናመሰግናለን» የሚለውን ገጽ ነገር ስነግረው ዝም ብሎ ኮምፒውተሩን ከፈተ። እንደዚያ አድርጎ ነው የሠራው፤ አሁን እያስተካከለው ነው።

አንድ የቀረኝ አለ። ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ ሐሳቡን ቢቀይርስ?

መልስ፦ የማራኪው ፕሮግራመር

ገንዘቡ በመጣበት መንገድ ይመለስ። በካርድ ከተከፈለ በጌትዌዩ በኩል ወደዚያው ካርድ፣ በቴሌብር ከሆነ ወደዚያው ስልክ። «ወደ ወንድሜ ሂሳብ መልሺልኝ» ለሚል ሰው እንዳትመልሺ፤ በተሰረቀ ካርድ ከፍለው ንጹሕ ብር የሚያወጡት በዚህ ነው። የቀብዱን ደንብ ደግሞ ከ«ክፈል» ቁልፍ በላይ ጻፊው፣ ከታች አይሁን።

መልስ፦ ጋቢ ነጋዴ (ቅዳሜ ገበያ)

ደንቡ እንዲህ ይሁን ልጄ፦ «ድሩ ከመደራቱ በፊት ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ከተደራ በኋላ አይመለስም።» ድሩ የተደራበትን ቀን ፎቶ አንሥተሽ ለደንበኛው ላኪለት።